ሲካፈሉት የሚጎድል መታሰቢያ

ስለ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ስናስተምር «በዓይን እዩ፤ በእጅ አትንኩ» ማለት ልማዳችን ነው። «ኢንስታሌሽን» በሚባለው የሥነ ጥበብ ዘርፍ ግን ተመልካቹ የሥራው ተካፋይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ምሳሌ እንመልከት።

በኩባ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ጎንዛሌዝ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባለ ልዩ ልዩ ቀለም መጠቅለያ ከረሜላዎችን በአዳራሽ ጥግ ከመረ። የክምሩ መነሻ ክብደት 175 ፓውንድ፣ ማለትም 79 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ተመልካቹ ከረሜላ አንሥቶ እንዲበላ ይፈቀድለታል፤ ክምሩም እየቀነሰ ይሄዳል።

ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም ሥራው በዚያው ዓመት በኤድስ ለሞተው የሕይወት ጓደኛው ለሮስ መታሰቢያ ነው። ብዙ ተንታኞች ክብደቱን የጤነኛ ሰው አካል፣ መቀነሱንም በበሽታው የመክሳት ምልክት አድርገው ይተረጉሙታል። ክምሩ እንደገና ሊሞላ ስለሚችል መታሰቢያው አልቆ አይቀርም። ከያኒው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ በሽታ ሞተ።

እንግዲህ ይህን ሥራ በክፍል ስናነሣ ለተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ፦ ከረሜላውን የወሰደ ሰው መታሰቢያውን አጎደለ ወይስ ሐዘኑን ተካፈለ?