«ሲስተር» የሚላት የለም

ከዙሪክ በባቡር ጥቂት ደቂቃ በምትርቀው ዲቤንዶርፍ የምትኖር አንዲት እህታችን ቤቷ ቡና ጠራችኝ። አገር ቤት 12 ዓመት ሙሉ «ሲስተር» እየተባለች የሠራች ነርስ ናት። ዛሬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ሆና ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች፤ መርፌ ግን አይፈቀድላትም።

«የሽማግሌው ትንፋሽ ሲለወጥ ከሁሉ በፊት የምሰማው እኔ ነኝ» አለችኝ። «ግን ሮጬ የምጠራው በልጄ ዕድሜ ያለችውን ነርስ ነው።»

አገሩ ነርስ ተርፎት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2021 የስዊስ ሕዝብ ብዙ ነርሶች እንዲሠለጥኑና የሥራ ሁኔታቸው እንዲሻሻል በ61 በመቶ ድምፅ ወስኗል።

በሩም ፈጽሞ አልተዘጋም። የውጭ አገር የነርስነት ዲፕሎማን መርምሮ የሚያጸድቀው የስዊስ ቀይ መስቀል ነው። ጄኔቭ ያለ ፈረንሳይኛ፣ ዙሪክ ያለ ጀርመንኛ በቢ2 ደረጃ ማወቁን በምስክር ወረቀት ማሳየት አለበት። ትምህርቱ ከስዊሱ ጋር ካልተመጣጠነም ጉድለቱ በፈተና ወይም በማሟያ ሥልጠና ይካካሳል።

እህታችንን የያዛት ቋንቋው ነው። ፈረቃዋ ስለሚለዋወጥ የማታ ትምህርቱን ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋርጣለች። ሥራ ላይ የምትሰማው ደግሞ የዙሪክን ቀበልኛ እንጂ የምትፈተንበትን ጀርመንኛ አይደለም።

እኔ ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ሙያዬ ከቋንቋው ጋር አገር ቤት ቀርቷል። የነርስ ሙያ ግን ባሕር ይሻገራል። ወገኖቼ፣ ለትምህርቱ የሚመች ፈረቃ አለቃችሁን ደፍራችሁ ጠይቁ፤ ዲፕሎማውንም ከሻንጣ አውጡት። እህታችን ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝግባለች።