አሰልጣኝ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

በጅቡቲ ከተማ የምንማር ኢትዮጵያውያን ስለ ኳስ ስንከራከር ክለብንና ብሔራዊ ቡድንን እናቀላቅላለን። ክለብ አጥቂ ቢጎድለው በዝውውር መስኮት ይገዛል። ብሔራዊ ቡድን ግን ተጫዋች አይገዛም፤ አሰልጣኙ የሚመርጠው የአገሩ ዜግነት ካላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤት ሲጠፋ ቶሎ የሚቀየረው እሱ ነው።

ለ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያና ጅቡቲ በአንድ ምድብ ተደለደሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ጊዜ 1 ለ 1 ተለያዩ። መጋቢት 2025 በአሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ ጊዜ ኢትዮጵያ 6 ለ 1 አሸነፈች። ብዙዎቻችን «አሰልጣኝ ስለተቀየረ ነው» አልን። ነገር ግን ከሦስት ቀን በፊት ያው ቡድን፣ በዚያው አሰልጣኝ፣ በግብፅ 2 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። በአንድ ጨዋታ አሰልጣኝን መመዘን እንደማይቻል ከዚህ እንረዳለን።

ሁለቱም ጨዋታዎች የተካሄዱት ሞሮኮ ነው፤ አዲስ አበባም ጅቡቲም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የፈቀደው ስታዲየም አልነበራቸውምና። አገራችንና የምንኖርባት አገር ሲጋጠሙ እኛ ስታዲየም ገብተን ማየት አልቻልንም። አሰልጣኝ ቢቀየር ሜዳ አይሠራም፣ ታዳጊም አያድግም። ስለዚህ «ማን ይሰናበት?» ከማለታችን በፊት «ልጆች የት ይሠልጥኑ?» ብለን እንጠይቅ።