ከደዌው የዳነች እናትና የልጇ ደም

በመርካቶ ምን አለሽ ተራ፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው አሮጌ በርሜልና ጣሳ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ምድጃና ማንደጃ በሚሆንበት በዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሰው ከሰው ሳይነካካ ማለፍ እንደማይቻል የሚያውቅ ሁሉ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ስለዚህ ሠፈር መስጋቱ አልቀረም። ከቤት አትውጡ የሚለው ምክር በዕለት ገቢ ለሚያድር ቤተሰብ የሚፈጸም አልነበረምና፣ ነፍሰ ጡሮችም እንደ ሌላው ሁሉ በገበያው ውስጥ ውለው ይገቡ ነበር።

ስንቱ ሰው ታምሞ ሳያውቀው እንደ ዳነ የገለጠው በኋላ የተደረገው የደም ምርመራ ነው። ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2020 በደማቸው የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው 10.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በየካቲት 2021 ግን 53.7 በመቶ ደርሰው ነበር። በምሥራቅ ኢትዮጵያም ለእርግዝና ክትትል ከመጡ እናቶች በተወሰደ ደም ውስጥ ይኸው ምልክት ተገኝቷል። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እናቲቱ ታግላ ያገኘችው ይህ ኃይል በማኅፀኗ ላለው ፅንስ ይደርሰው እንደ ሆነ፣ ቢደርሰውስ ምን ያህል ዘመን ያገለግለው እንደ ሆነ ነው።

መሠረቱን ቀድሞ ያስተዋለው ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊክ ነው፤ እርሱ በ1892 እ.ኤ.አ. መርዝን እንዲቋቋሙ ያለማመዳቸው እንስት አይጦች ያንን ኃይል በማኅፀንም በጡትም ለልጆቻቸው እንደሚያስተላልፉ፣ ነገር ግን ስጦታው ዕድሜው አጭር እንደ ሆነ አሳየ። መንገዱ እንግዴ ልጁ ነው። የእናቲቱ ደምና የፅንሱ ደም አይቀላቀሉም፤ ሆኖም በእንግዴ ልጁ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን፣ ከተከመረው ውራጅ መካከል መዳቡን ከብረቱ ለይቶ እንደሚያነሣ የምን አለሽ ተራ ነጋዴ፣ በእናቲቱ ደም ከሚመላለሱት ፀረ እንግዳ አካላት አይ ጂ ጂ የተባለውን ብቻ መርጦ ይይዝና ሕዋሱን አሻግሮ በፅንሱ ደም ውስጥ ይለቀዋል። በሕመም መጀመሪያ የሚመረተው አይ ጂ ኤም ግን ግዙፍ ከመሆኑም በላይ ተቀባዩ ስለማያውቀው በእናቲቱ ዘንድ ይቀራል። ዝውውሩ በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል፤ አብዛኛው የሚያልፈው ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለ ሆነ፣ ወሩን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ የበለጠ አይ ጂ ጂ ይዞ ሲገኝ፣ ያለ ጊዜው የተወለደው ጥቂት ብቻ ይዞ ይወጣል።

በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የፊላደልፊያ ጥናት ይህን በኮሮና ላይ አረጋገጠ። ከ1471 እናቶች በ83ቱ ደም ፀረ እንግዳ አካል ሲገኝ፣ ከልጆቻቸው 72ቱ በእትብታቸው ደም አይ ጂ ጂ ነበራቸው። ምንም ካልተገኘባቸው 11 ሕፃናት የአምስቱ እናቶች አይ ጂ ኤም ብቻ የነበራቸው፣ የቀሩትም አይ ጂ ጂያቸው እጅግ ያነሰ ነበር። በማናቸውም ሕፃን ደም አይ ጂ ኤም አልታየም፤ ይህም በእነዚያ ሕፃናት ዘንድ የተገኘው ከእናት የመጣ እንጂ ሕፃኑ ራሱ ታሞ ያፈራው እንዳልሆነ ያመለክታል። በሕመሙና በወሊዱ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚተላለፈው መጠንም ይጨምር ነበር።

የእኔ ጭንቀት ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ «እናቱ ስለ ታመመች ልጁ ተጠብቋል» የሚል የዋህ መጽናኛ እንዳይነግሥ እሰጋለሁ። ሕፃኑ ፀረ እንግዳ አካሉን ተቀበለ እንጂ መሥራቱን አልተማረም፤ የተቀበለውም በየሦስት ሳምንቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ያልቃል። በቦስተን ልጆቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው በተደረገ ምርመራ፣ በእርግዝና ጊዜ ከተከተቡ እናቶች ከተወለዱት 28 ሕፃናት በ16ቱ ፀረ እንግዳ አካሉ ሲገኝ፣ በሕመም ብቻ ካገኙት እናቶች ልጆች መካከል ግን ከ12ቱ በአንዱ ብቻ ተገኘ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ክትባቱም ወደ ኢትዮጵያ በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከገባው ከአስትራዜኔካ በዓይነቱ የተለየ ነበር፤ ልዩነቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ለአገራችን እናቶች አዲስ አይደለም። ነፍሰ ጡር የምትወስደው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሕፃኑን የሚጠብቀው በዚሁ በእንግዴ ልጅ በኩል ነው፤ የኩፍኝ ክትባትም እስከ ዘጠነኛው ወር የሚቆየው ከእናት የመጣው ፀረ እንግዳ አካል ሳይጠፋ ቢሰጥ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው።

ማኅፀን ያላሳለፈውን ጡት ያደርሳል። ከደዌው የዳኑ እናቶች ወተት አይ ጂ ኤ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ተገኝቷል፤ እርሱም ወደ ደም ሳይገባ የሕፃኑን አፍና አንጀት ይሸፍናል። ከሁሉ የበለጸገው ደግሞ፣ በብዙ ቦታ «የቆሸሸ ነው» ተብሎ የሚደፋው፣ በምትኩም ለአራሱ ሕፃን ቅቤ የሚቀመስለት፣ ያ ቢጫማው እንገር መሆኑ ልብን ያሳዝናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በወረርሽኙ መካከል፣ የታመመች እናት እንኳ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇንም ታጥባ ማጥባቷን እንዳታቋርጥ መክሯል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የተፈቀደ የኮሮና ክትባት የለምና፣ በዚያ ዕድሜ የሚኖረው መከላከያ እናቱ በማኅፀንና በጡት የሰጠችው ብቻ ነው።