ለክፉ ቀን የሚሆን ዘር

አንድ ማታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ጻፍን። «ዘ» እና «ር»። «ምን ይላል?» ብለን ጠየቅን። ክፍሉ በሙሉ «ዘር!» አለ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ዝም አሉ። ቆየት ብለው እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ይቺን ቃል ሳልማራትም አውቃታለሁ። በ1977 ዓ.ም. የዘር እህሌን ቆልቼ ለልጆቼ አበላሁ። ልጆቼ ተረፉልኝ። በዓመቱ ዝናብ ዘነበ። እኔ ግን የምዘራው አልነበረኝም። ዝናቡን ቆሜ አየሁት።»

ያን ማታ ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆመ። ስለ ዘር ስንጨዋወት አመሸን። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ያንኑ ጨዋታ ነው።

ዝናቡ ለምን ተዛባ?

አባቶቻችን በልጉ መቼ እንደሚገባ፣ ክረምቱ መቼ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። አሁን ግን ዝናቡ ይዘገያል። አንዳንዴ በአንድ ቀን ይወርድና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። አንዳንዴም እህሉ ፍሬ ሊቋጥር ሲል ቀጥ ይላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የሀብታም አገሮች ፋብሪካዎችና መኪናዎች የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲያቃጥሉ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ አየር ላይ ይከማቻል። እንደ ወፍራም ጋቢ ሆኖ ምድርን ይሸፍናታል። ሙቀቱም መውጫ ያጣል። በዚህ የተነሳ የዓለም ሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። 1 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞቃት አየር የአፈሩን እርጥበት ቶሎ ይመጥጣል። ዝናቡንም ከቦታውና ከጊዜው ያዛባል። አገራችን ለዚህ ጋዝ ያዋጣችው ጥቂት ነው። የሚደርስባት ጉዳት ግን ብዙ ነው።

በ2007 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በልጉ ጠፋ። ክረምቱም ዘገየና አነሰ። ብዙ ገበሬ አንዴ ዘራ፣ ደረቀበት። ደግሞ ዘራ፣ ደረቀበት። ዘሩን ጨረሰ። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

ምጣዱ ስንት ሰው ያበላል?

እስቲ እናስላ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2050 ከ200 ሚሊዮን በላይ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ማለት ዛሬ 3 እንጀራ በሚበላበት ቤት ያን ጊዜ 5 እንጀራ ያስፈልጋል ማለት ነው። መሬቱ ግን አይሰፋም። ዝናቡም እንደ ድሮው አይታመንም። ታዲያ ምን ይደረግ? እርከን መሥራት፣ ውሃ ማቆር፣ አፈር ማዳበር ሁሉም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ግን ዘር ይኑር። ዘር ከሌለ እርከኑም ባዶ ነው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

ሁሉንም ማሳ በአንድ ዓይነት ዘር መሸፈን አደጋ አለው። ያ ዘር በድርቅ ወይም በዋግ ቢመታ ቤቱ በሙሉ ይመታል። ይህን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በሚያዝያ ዝናብ ከመጣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራሉ። ያ ቢቀር በሐምሌ ጤፍ ይዘራሉ። እሱም ባይሆን ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሦስቱም ዘር በቤት ውስጥ ካለ ብቻ ነው።

የአገራችን ዘር የተናቀ አይደለም። ከኢትዮጵያ የተወሰደ ገብስ አሜሪካ ውስጥ ገብስን ይፈጅ የነበረውን በሽታ ተቋቁሞ የእነሱን ሰብል አድኗል። የኛም መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ማከማቻ አቋቁሟል። ማከማቻውን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ዘር የሚጠበቀው በመጋዘን ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ጭምር ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ለዚህ ሥራቸው በ1982 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዚሁ ማከማቻ የወጡትን ጨምሮ 400 ዓይነት ስንዴ በሁለት ቦታ ተዘራ። አንዱ በመቄት ገረገራ፣ ሌላው በትግራይ ሐገረ ሰላም ነው። 60 ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ማሳውን እየዞሩ መረጡ። ከነባሩ ስንዴ ውስጥ ከተሻሻለው የማያንስ ተገኘ። ይህን ስንል የተሻሻለ ዘር አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት በትንሽ ማሳ ይሞከር። የድሮው ዘር ግን ከቤት አይጥፋ ማለታችን ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

1. ዘር ከአውድማ ሳይሆን ከማሳ ይመረጥ። አጨዳው ሳይደርስ ጤነኛውንና ፍሬው የሞላውን ዛላ ምልክት እናድርግበት። ለብቻው እንጨደው፤ ለብቻውም እንውቃው።

2. በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ዘር ይሻግታል፤ ነቀዝም ይበላዋል። የማሽላውን ዛላ እንደ አያቶቻችን ከምድጃው በላይ እንስቀለው። በመድኃኒት የታሸ ዘር ግን መርዝ ነው። ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

3. ከመዝራት በፊት እንፈትነው። 100 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ እንጠቅልል። ጨርቁ እንዳይደርቅ እንጠብቅ። ከ7 ቀን በኋላ የበቀለውን እንቁጠር። ከ85 በላይ ከሆነ ዘሩ ጥሩ ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ጊዜው ሳያልፍ ሌላ ዘር እንፈልግ።

4. ጎረቤት ከጎረቤት ተማክሮ የጋራ የዘር ጎተራ ይሥራ። የተቸገረ ይበደር፤ ሲያመርት ጨምሮ ይመልስ። በክፉ ቀን አንድ ቤት ብቻውን ዘሩን ማዳን ያቅተዋል። ልጅ እየራበው ዘር አትብሉ ማን ይላል? ጎተራው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

5. እንጻፍ። የዘሩን ስም፣ የተዘራበትን ቀን፣ ዝናብ የጣለበትንና የቆመበትን ቀን በደብተር እናስፍር። ሰው ይረሳል፤ ጽሑፍ አይረሳም። ከ5 ዓመት በኋላ የትኛው ዘር እንደማያሳፍር ደብተራችን ይነግረናል።

በሳምንቱ እኚያ እናት አንዲት ትንሽ ቅል ይዘው መጡ። ውስጧ ሽምብራ አለ። «ስሟን እኔው ልጻፍላት» አሉ። ወረቀት ሰጠናቸው። ቀስ ብለው «ሽምብራ» ብለው ጻፉ፤ ዓመተ ምሕረቱንም ጨመሩ። ወረቀቱን ቅሏ ላይ አስረው ወደ ቤታቸው ይዘዋት ሄዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች
በቤታችሁ ስንት ዓይነት ዘር አለ?
ከመንደራችሁ የጠፋ ዘር አለ? ማን ቤት ሊገኝ ይችላል?
የጋራ የዘር ጎተራ ቢሠራ ቁልፉን ማን ይያዝ? መዝገቡንስ ማን ይጻፍ?