አዲስ ሞተር ስትገዙ «መጨረሻው ስንት ነው?» ብቻ አይበቃም

ካኩማ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ገበያ እስከ ካሎቤየይ ሰውም ጤፍም የሚያደርሰው ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ከተቆረጠ ወዲህ «ሞተር ገዝቼ ቦዳ ቦዳ ልሥራ» የሚል ሰው በየቡና ቤቱ እንሰማለን። ገንዘቡ ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የእቁብ ዕጣ፣ ውጭ ያለ ወንድም የላከው፣ አንዳንዴም የሚስት ወርቅ አለበት። በቅርቡ ሦስት የእቁብ ወንድሞቻችን ፓስ አውጥተው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሎድዋር ለግዢ ሲወርዱ እኛም አብረናቸው ሄድን። ያየነውን እንንገራችሁ።

ሁለት ሱቅ ገባን። ሞተሩ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፣ ሞዴሉም ያው። የመጀመሪያው ሻጭ 189,000 ሽልንግ አለ። ሁለተኛው 176,000። ታናሽየው ወዲያው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እሱን ማን ይፈርድበታል? 13,000 ሽልንግ እኮ ነው! ታላቅየው ግን «ቆይ፣ ሞተሩ ታርጋ ተለጥፎበት፣ በስሜ ወጥቶ፣ ከዚህ በር ሲወጣ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያኔ ሰውየው ወረቀት አወጣ። ለምዝገባና ለታርጋ 6,500፣ ለኢንሹራንስ 4,500፣ ለሁለት ሄልሜትና ለሁለት አንጸባራቂ ሰደርያ 3,500፣ «ለዶክመንት» ደግሞ 1,500። ሲደመር 192,000 ሆነ። «ዶክመንት» ማለት ምን እንደሆነ ብንጠይቀው እሱም አላወቀውም።

ወደ መጀመሪያው ተመለስን። የእሱ 189,000 ሁሉንም ያካተተ ነበር። የሁለተኛውን ወረቀት አሳየነው፣ ጥሬው ገንዘብ ዛሬውኑ እንደሚከፈል ነገርነው፣ «ቤይ ያ ምዊሾ?» አልነው። 187,000 አለ። አመስግነን ተነሣን። በሩ ላይ ስንደርስ ጠራን፣ በ184,000 ተስማማን። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ስለ ሞተሩ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ርካሹ ሱቅ 8,000 ሽልንግ በልቶን ነበር።

«የመንግሥት ታክስ ነው» የሚባለውንም እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኬንያ ኤክሳይስ ሕግ በአንድ ሞተር ላይ 10,000 ሽልንግ ጥሎ ነበር፤ መጠኑ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ይህ ግን ሞተሩ ወደ አገር ሲገባ የሚከፈል ነው። ሱቅ የደረሰ ሞተር ዋጋ ውስጥ አለ። ከተስማማችሁ በኋላ ለብቻው ጨምሩ የሚላችሁ ሻጭ አንዱን ሁለት ጊዜ እያስከፈላችሁ ነው።

ነጻ ሰርቪስ የሚሉትስ? ሻጩ እንደ ትልቅ ስጦታ ነው የሚያወራው። ሰርቪሱ ሎድዋር ወይም ኪታሌ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ጊዜ ፓስ፣ ነዳጅ፣ የጠፋ የሥራ ቀን አለ። ለእኛ ነጻ አይደለም። ወንድሞቻችን «ሰርቪሱን ተወውና ዘይትና መለዋወጫ ስጠን» አሉት። አንገራግሮ አራት ሊትር ዘይት፣ ሁለት ካንዴላና አንድ ሰንሰለት ሰጠ። የመለዋወጫ ነገር ከተነሣ፣ ስሙ ያልተለመደ ሞተር በርካሽ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ካኩማ ያለውን መካኒክ ጠይቁ። ቦክሰርና ቲቪኤስ ብዙ ሰው የሚነዳቸው መለዋወጫቸው ቅርብ ስለሆነም ነው።

በዱቤ መግዛት ለሚያስቡ ደግሞ፣ ሻጩ «በቀን 400 ብቻ» ሲላችሁ «ለስንት ቀን?» በሉት። ለምሳሌ ቅድሚያ 30,000 ከፍላችሁ በቀን 400 ለ540 ቀን ብትከፍሉ ጠቅላላው 246,000 ይሆናል። በጥሬው 180,000 የሆነ ሞተር ላይ 66,000 ጨመራችሁ ማለት ነው። ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ይህን አይቶ ሊገባበት ይችላል፣ አንፈርድበትም። ግን ታራች ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ወይ ወባ ሲጥላችሁ፣ ቀኑ መቆጠሩን አያቆምም። ከመፈረማችሁ በፊት ስንት ቀን ብታሳልፉ ሞተሩን እንደሚወስዱት ጠይቁ፣ መልሱንም በወረቀት አስጽፉ። ዕዳው እስኪያልቅ ሎግቡኩ በአበዳሪው እጅ እንደሚቆይም እወቁ።

ከሁሉ የሚያስፈራን የስም ጉዳይ ነው። ከእኛው አንዱ ከዓመታት በፊት «ለስደተኛ አይመዘገብም» ተብሎ በአንድ ወዳጁ ስም ሞተር ገዛ። ሲጣሉ ወዳጅየው ሎግቡኩን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፣ ሞተሩንም ይዞ ሄደ። ለመመዝገብ የታክስ ቁጥር፣ ማለትም ፒን ያስፈልጋል። ፒኑን ከመሄዳችሁ በፊት በስደተኛ መታወቂያችሁ አውጡ። ሻጩ በስማችሁ ማስመዝገብ አልችልም ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ሱቅ ሂዱ። ክፍያውንም በኤምፔሳ ስትልኩ ለድርጅቱ ቁጥር እንጂ ለሻጩ የግል ስልክ አይሁን፣ ደረሰኙ ላይም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይጻፍ። እኛ ቁጥሮቹን ብረቱ ላይ ጎንበስ ብለን አንድ በአንድ አስተያየን። ሻጩ ሳቀብን፣ ይሳቅ።

መንጃ ፈቃድም አትርሱ፤ ለቦዳ ቦዳ የሚያስፈልገው ኤ3 የሚባለው ነው።

ወንድሞቻችን 174,000 ከፍለው 10,000ውን «ሎግቡኩ ሲወጣ» ብለው አስቀሩ። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ደረሰኙ ላይ ጻፈው። ሞተሩ በጭነት መኪና ካኩማ ገባ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሎግቡኩ ሲወጣ የታላቅየው ስም በፈረንጅ ፊደል አንድ «ኤች» ተጨምሮበት ተገኘ፣ ከመታወቂያው ጋር አልገጠመም። ስማችን በአንድ መዝገብ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ መጻፉ የታወቀ ነው። ስልክ ደወሉ። ሻጩ 10,000ው እጁ ቢገባ ኖሮ ስልኩን ያነሣ ይሆን? አሁን ግን በአራተኛው ቀን ራሱ ደውሎ «ተስተካክሏል፣ ቀሪውን ላኩልኝ» አለ።