ስለ ኤሌክትሪክ ቢስክሌትና ስለ ጋይንት ዳገት

የጋይንት አገር ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ተብሎ በሁለት ስም እንደሚጠራ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስሙን ያወጡት አባቶቻችን፤ በዚያ አገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ዳገቱና ቁልቁለቱ መሆኑን ሊያስታውሱን የፈለጉ ይመስላል። ከላይ ጋይንት ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ይታየዋል፤ ወደ ደቡብ ለሚወርድም ስማዳና እስቴ ይገኛሉ፤ ከነርሱም በታች የበሽሎና የአባይ ሸለቆ አለ። ደጋውና ቆላው እንዲህ ተቀራርበው በሚኖሩበት አገር መንገደኛ ሁሉ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ጭምር ሊቈጥር ይገባዋል።

በዚህ አገር ያደገ ሰው የበቅሎውን ዐቅም ያውቃል። ዳገቱ ሲበረታ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ ሸክሙን ያቃልላል፤ ውሃ ካለበት ሲደርስም ያሳርፋታል። ዛሬ ግን ሣር የማትበላ፤ ውሃም የማትጠጣ ሌላ በቅሎ መጥታለችና ስለ እርስዋ ጥቂት ለመናገር አሰብን፤ እርስዋም የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ናት።

መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፤ በየቤተ ሰቡ የሚነሣው ጥያቄ በኤሌክትሪክ ስለሚሄዱት ነገሮች ሁሉ ሆኗል። አውቶሞቢል ለመግዛት ገንዘቡ የማይበቃው የመሥሪያ ቤት ሹም፤ አስተማሪ ወይም አዋላጅ ነርስ ወደ ቢስክሌቷ መመልከቱ አይቀርም። የሚጠየቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ባትሪው እስከ የት ያደርሳል?» ይላሉ። እኛም ይህን ጥያቄ ሳናጠና መንገድ ገብተን የደረሰብንን ነገር፤ ሌላው እንዲማርበት ስንል አንሸሽገውም።

ነፋስ መውጫ ከተማ የሚኖሩት አክስታችን በየማታው የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት እንዳለቀባቸው ሰማን። እኛም በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ነበርንና መድኃኒቱን ገዝተን፤ አንድ እንስራ ማርም ጨምረን፤ ከምሳ በኋላ በአዲሲቱ ቢስክሌታችን ተነሣን። ሻጩ «አንድ ጊዜ ከተሞላች 80 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ብሎን ስለ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ በእጃችን ያለ መሰለን። የሞተሩን እርዳታ እስከ መጨረሻው ደረጃ ከፍ አድርገን፤ ፔዳሉንም ለይስሙላ ብቻ እየነካን፤ እንደ ፈረሰኛ ገሠገሥን። ጋሳይ ስንደርስ ባትሪው ግማሽ መሆኑን መስታወቱ ያሳየን ነበር፤ ነገር ግን «ገና ብዙ አለ» ብለን አለፍነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውም ነፋስ በፊታችን ይመጣ ነበር። ክምር ድንጋይን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ ዝም አለ፤ ፀሐይም ልትጠልቅ ሆነ።

ሞተርና ባትሪ የተሸከመች ቢስክሌት ኀይልዋ ሲያልቅ ከተራው ቢስክሌት ይልቅ እንደምትከብድ በዚያች ማታ ተማርን። ዳገቱን እየገፋን፤ የጉናም ብርድ እየገረፈን ሳለ፤ አንድ ገበሬ አግኝቶን ወደ ቤቱ አስገባን። እርሱና ባለቤቱ የገብስ እንጀራና ድንች አቅርበው፤ እሳትም አንድደው አሳደሩን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን መድኃኒቱ ከኛ ጋር አደረ፤ አክስታችንም ያለ መድኃኒት፤ ራሳቸውን እያመማቸው፤ ደጅ ደጁን ሲመለከቱ አደሩ።

በማግሥቱ በጭነት መኪና ተሳፍረን ስንደርስ የተቀበሉን በቍጣ አልነበረም። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፤ «ልጄ፤ በቅሎ ሲደክማት ታስታውቃለች፤ ጆሮዋን ትጥላለች፤ እርምጃዋንም ታሳጥራለች። ያንተዋ በቅሎ ሳትናገር ወደቀች? ወይስ ተናግራ ሳለ አልሰማሃትም?» አሉን። በእውነትም ጋሳይ ላይ ተናግራ ነበር፤ ያልሰማናት እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሒሳብ ለመመርመር ተነሣን። የባትሪ ኀይል የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። ይህም በባትሪው ላይ የተጻፈው ቮልትና አምፔር ሰዓት ሲባዛ የሚገኝ ቍጥር ነው፤ የኛው 36 ቮልትና 14 አምፔር ሰዓት ስለ ሆነ 504 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ሰውየው፤ ቢስክሌቷና ዕቃው በአንድነት 100 ኪሎ ቢመዝኑ፤ ይህን ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 27 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት 35 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ያ ባትሪ ጋላቢው ምንም ሳያግዘው ዳገት ብቻ ቢወጣበት፤ 1400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ያልቃል ማለት ነው። ከስማዳ ቆላ ወደ ደጋው ሊወጣ የሚያስብ ሰው ይህን ቍጥር በልቡ ይያዘው። ሻጩ የነገረን 80 ኪሎ ሜትር ግን ለሜዳ፤ ለቀላል ሰውና ነፋስ ለሌለበት ቀን የሚነገር ነው።

በዚህ አገር ከባድ ነገርን ዳገት ማስወጣት ምን ያህል እንደሚያደክም ታሪካችንም ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፤ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ያስጠርጉ ነበር። መድፉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከመሄዱ በፊት መንገዱ መጠናትና መደልደል ነበረበት፤ እኛ ግን ለትንሿ ጉዞአችን ይህን ያህል እንኳ አላሰብንም።

እንግዲህ ከስሕተታችንና ከሒሳባችን ያገኘነውን ምክር በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ፍጥነትን መቀነስ ነው። አየር የሚከላከለው ኀይል በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 20 ከሚሄደው ይልቅ በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከእጥፍ የበለጠ የአየር ግፊት ይቀበላል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በዚያው ልክ የሚነፍስ ነፋስ በፊቱ ቢገጥመው፤ ግፊቱ ነፋስ ከሌለበት ቀን አራት እጥፍ ይሆንበታል። ምንም እንኳ በደጋ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ጥቂት ቢያቃልል፤ ነፋስ መውጫ የሚለውን ስም ያወጣ ሰው በከንቱ አላወጣውምና ከነፋስ በፊት በማለዳ መነሣት ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ጉዞም የተገባ ነው።

ሁለተኛ፤ በእግር መርዳት ነው። ጤነኛ ሰው ብዙ ሳይደክም 75 ዋት ያህል ኀይል በፔዳል ሊሰጥ ይችላል። በሦስት ሰዓት ጉዞ ይህ 225 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም የኛን ባትሪ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። የሞተሩንም እርዳታ በሜዳ በመጀመሪያው ደረጃ፤ በዳገት በሁለተኛው ማድረግ ይበቃል። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን ማቅለል፤ እግሩም ቶሎ ቶሎ እንዲዞር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሞተር በዝግታ እየተጨነቀ ሲሠራ ኀይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋልና። እጅግ የቆመ ዳገት ሲያጋጥም ወርዶ በእግር መሄድ ነውር አይደለም፤ በበቅሎም ቢሆን አባቶቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ሦስተኛ፤ ጎማና ሸክም ነው። የላላ ጎማ ባትሪውን በስውር ይበላዋል፤ በጎማው ጎን በተጻፈው መጠን መሠረት መንፋት ይገባል። ካቴናውንም ጠርጎ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። የማይጠቅም ዕቃ በቤት ይቅር፤ ያ የማር እንስራችን 100 ሜትር በወጣን ቍጥር የራሱን ግብር ከባትሪው ይቀበል ነበር።

አራተኛ፤ ቁልቁለት ነው። ብዙ ሰው «ስወርድ ባትሪው ይሞላልኛል» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሞተሮች ምንም አይመልሱም፤ የሚመልሱትም የሚመልሱት ጥቂት ነው። ስለዚህ ሲወርዱ የሚገኘው ትርፍ ሞተሩን ማሳረፍ ብቻ ነው። ፍሬኑንም አጥብቆ ይዞ ከመውረድ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ከመጋል ያድነዋል።

አምስተኛ፤ የባትሪው አያያዝ ነው፤ ይህም ይልቁንም የቤት እመቤቶችንና የልጆች አባቶችን ይመለከታል። ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ከጉና ግርጌ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ውጭ ያደረ ባትሪ በማለዳ ሙሉ ኀይሉን አይሰጥም። ውርጭ የመታውንም ባትሪ እስኪሞቅ ሳይጠብቁ ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት ያበላሸዋል። ስለዚህ ወደ ቤት ይግባ፤ ነገር ግን ሰው በሚተኛበት ክፍል፤ በምድጃ አጠገብ ወይም ጭድ ባለበት አይቀመጥ። ሲሞላም ቀን ለቀን፤ ሰው ነቅቶ ሳለ፤ በድንጋይ ወይም በመሬት ወለል ላይ፤ ከራሱ ቻርጀር ጋር ይሁን። የወደቀ፤ ያበጠ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ እሳት ሊያነሣ ይችላልና አይሞላ፤ በቤትም ውስጥ አይከፈት። ለብዙ ቀን የማይሠራበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል። በጥሩ አያያዝ እንዲህ ያለ ባትሪ ከ500 እስከ 1000 ጊዜ ያህል ይሞላል። ለአንድ ጊዜ መሙላት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክም ባለ 60 ዋት አምፑል 10 ሰዓት ሲበራ ከሚወስደው አይበልጥም።

ስድስተኛ፤ ሒሳብን በመንገድ ላይ ማድረግ ነው። ባትሪው ሩብ ሲጐድል ከመንገዱ ሩቡ አልፎ እንደ ሆነ፤ የቀረውም ዳገት ወይም ቁልቁለት መሆኑን መመርመር ይገባል። ሒሳቡ ካልተስማማ እርዳታውን መቀነስ፤ ወይም የሚሞላበት ቤት ሳይታለፍ ማረፍ ነው። መብራትም አንዳንድ ጊዜ ስለሚጠፋ በአንድ ቦታ ብቻ መተማመን አይበጅም።

ከአንድ ወር በኋላ የአክስታችን መድኃኒት ተራ ደረሰና፤ ይህንኑ ምክር ይዘን እንደገና ከደብረ ታቦር ተነሣን። በዚህ ጊዜ ከጧቱ 1 ሰዓት ነበር፤ ማሩም አልተጫነም። በዝግታ እየሄድን፤ ሁለት ጊዜም ወርደን በእግራችን እየወጣን ክምር ድንጋይ ደረስን። በአንድ ወዳጃችን ቤት ምሳ በልተን ሦስት ሰዓት ያህል ስናርፍ ባትሪው ወደ ግማሽ የሚጠጋ ኀይል ጨመረ። ነፋስ መውጫም ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሆን ገባን፤ ከባትሪውም አምስተኛው እጅ ቀርቶ ነበር። አክስታችን መድኃኒቱን ተቀብለው ከሳጥናቸው ካስቀመጡ በኋላ ቢስክሌቷን ዞረው ተመለከቷትና፤ «ዛሬስ ሰምተሃታል» አሉን።

ለመግዛት የሚያስብ ቤተ ሰብም እንዲሁ አስቀድሞ መንገዱን ይስማ እንላለን። በአስፋልት ዳር ለሚኖርና በየቀኑ ከ20 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ ጉዞ ጠቃሚ ናት። በስማዳና በእስቴ ኰረት መንገድ፤ በክረምትም ጭቃ ለሚመላለስ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በሰው ቢስክሌት የራሱን ዳገት አንድ ጊዜ ወጥቶ ቢያይ መልካም ነው።

ከጉና የሚመነጩት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም አባይ ይወጣል። በአባይም ላይ የተሠራውና 5150 ሜጋ ዋት ኀይል እንዲሰጥ የታቀደው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዳገቱ የወረደው ውሃ ኤሌክትሪክ ሆኖ ዳገቱን መልሶ ሊያስወጣን መቻሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን በቤታችን መብራትን በከንቱ ማብራት እንደማይገባ ሁሉ፤ በመንገድም ይህን ኀይል በችኰላ ማባከን አይገባም። ማታ በደጅ ቆሞ የሚጠብቀን ሰው ያለን ሁሉ፤ ስንነሣ የምንመለከተው የባትሪውን መስታወት ብቻ ሳይሆን የዚያንም ሰው ፊት ይሁን።