ልጃችሁን አዲስ አበባ «ልዩ ትምህርት ቤት» ከመላካችሁ በፊት



ጋምቤላ ላይ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ ትምህርት አልገባው አለ። ፊደል አይዝም፣ ክፍል ደግሟል። አዲስ አበባ ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች የሚሆን የግል ትምህርት ቤት አለ አሉኝ፤ እህቴ ጋ ልላከው ወይ?» ይሉኛል። ነገሩ ቀላል አይደለም። የወር ክፍያ አለ፣ የመንገድ ወጪ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገና የ7 እና የ8 ዓመት ልጅ ከእናቱ ሊለይ ነው።

የምመልሰው ሁሌም አንድ ነው፦ ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ትምህርቱ ለምን እንደከበደው እወቁ።

መጀመሪያ ጆሮና ዓይን

ከጆሮው መግል የሚወጣ ልጅ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ይታለፋል። በደንብ የማይሰማ ልጅ ግን «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» መለየት ይቸግረዋል። ሲጠሩት ዝም ይላል፤ ከዚያ «ሰነፍ»፣ «እልኸኛ» የሚል ስም ይወጣለታል።

አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ነበረች (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። «አእምሮዋ አይቀበልም» ተብላ ወደ አዲስ አበባ ልትላክ ቲኬት ሊቆረጥላት ነበር። ስትመረመር የሁለቱም ጆሮዎቿ ታምቡር ተበስቷል። ታከመች፣ መግሉ ደረቀ፣ ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ተደረገ። አንደኛ አልወጣችም፤ ግን ማንበብ ጀመረች። እዚያው ጋምቤላ፣ ከእናቷ ጋር ሆና።

ዓይንም እንደዚሁ ነው። ደብተሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ የሚጽፍ ወይም ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዓይን ምርመራ ነው።

የወባን ነገር አትርሱ

ወባ አእምሮ ላይ ወጥቶበት ራሱን ስቶ የነበረ ልጅ ከዳነ በኋላም ትኩረቱና ማስታወሱ ሊጎዳ ይችላል። ኡጋንዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ከእንደዚህ ዓይነት ልጆች መካከል ከ2 ዓመት በኋላ ከ4ቱ በ1ዱ ላይ ገደማ የማሰብና የማስታወስ ችግር ታይቷል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ከወባው በፊት እንደዚህ አልነበረም» የምትሉ ከሆነ ሳትረሱ ተናገሩ። የደም ማነስም ልጅን ያደክማል፣ ትኩረቱን ይቀንሳል። ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ ቀርቶ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ ደግሞ ሐሳቡ የሸፈተ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን የሚጥል በሽታ ሊሆንም ይችላል፣ መድኃኒት አለው።

ቋንቋውስ?

የጋምቤላ ልጅ ቤት ውስጥ ኑዌርኛ፣ አኙዋክኛ ወይም መዠንግርኛ ይናገራል። እነዚህ ቋንቋዎች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛው በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛው በላቲን። ይህ ለማንም ልጅ ብዙ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተረት አጥርቶ የሚተርክ፣ ዕቃ ተልኮ ሳይረሳ የሚያመጣ ልጅ በአማርኛ ቢንተባተብ ምናልባት ቋንቋውን ገና አልለመደውም ማለት ነው። በራሱ ቋንቋም የሚቸገር ከሆነ ግን ምርመራው ይቀጥል።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ችግሩ ካልተፈታ

ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር፣ የትኩረት ማነስና ያለልክ መቅበጥበጥ፣ ኦቲዝም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፤ እነዚህ የተለያዩ ናቸው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ አእምሮው ንቁ ሆኖ ፊደል ብቻ ሊያስቸግረው ይችላል። ስለዚህ ለአንዱ ጥሩ የሆነ ትምህርት ቤት ለሌላው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ጆይ ማዕከል የተቋቋመው ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ነው፤ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት ነው የጀመሩት። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ። ማንበብ ብቻ ለሚቸግረው ልጅ ቦታው እነዚህ ጋ አይደለም።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ ይህን ጠይቁ

1. ልጄን ማን ይገመግመዋል? ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ በጽሑፍ የሰፈረ እቅድ ይኖረዋል ወይ?
2. አንድ መምህር ስንት ልጅ ይይዛል? በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነውስ የትኛው ነው?
3. ትምህርት እየተሰጠ ክፍል ገብቼ ልይ? (ቢሮ ብቻ አሳይተው የሚሸኟችሁ ከሆነ ተጠራጠሩ።)
4. ልጅ ሲረበሽ ምን ታደርጋላችሁ? መምታት፣ ማሰር ወይም ክፍል መዝጋት ካለ ወዲያው ውጡ።
5. ወደ መደበኛ ክፍል የሚመለስበት መንገድ አለ ወይ?
6. ክፍያው የንግግር ሕክምናንና ትራንስፖርትን ይጨምራል ወይ?

«በ3 ወር እናድነዋለን» የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ኦቲዝምንና ዲስሌክሲያን የሚያድን መድኃኒት የለም። ልጁን የሚለውጠው በጊዜ የተጀመረ፣ ሳይቋረጥ የሚሰጥ ድጋፍ ነው።

ከእናት መለየቱስ?

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። በደንብ መናገር የማይችል ልጅ ቢመታ፣ ቢራብ ወይም ከዚያ የባሰ ቢደርስበት ሊነግራችሁ አይችልም። ዘመድ ደግ ቢሆንም ቀን ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ ከወላጅ አንዱ አብሮ መኖር የሚችል ከሆነ ሂዱ። ካልሆነ ግን ለግምገማ ብቻ አብራችሁት ሄዳችሁ፣ ውጤቱንና እቅዱን በጽሑፍ ይዛችሁ ብትመለሱ እመርጣለሁ።

ስትመለሱ መምህሩ ጋ በሰላም ቁጭ በሉና ተነጋገሩ፦ ፊት ወንበር፣ አጫጭር የቤት ሥራ፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ መጻፍ ለሚቸግረው የቃል ፈተና። ቤት ውስጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ በሚገባው ቋንቋ አንብቡለት፤ እናንተ ማንበብ ካልቻላችሁ ታላቅ እህቱ ታንብብለት። ትምህርት ቤቱ «እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም» ካለ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ አነጋግሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24፣ ልጁ ከሌሎች ጋር የመማር መብት እንዳለው ይናገራል። ልመና አይደለም፣ መብቱ ነው።

ሳትቆዩ ሐኪም ጋ የምትሄዱት፦
• ይናገር የነበረው ልጅ ንግግሩ ከጠፋ፣
• ካንቀጠቀጠው ወይም ደጋግሞ ፍዝዝ ካለ፣
• ከጆሮው መግል ከወጣ፣
• ከከባድ ሕመም በኋላ ጠባዩ ወይም ትምህርቱ በድንገት ከተለወጠ።

«ደደብ» የሚለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ ከቤታችሁ አውጡት። ይህን ጽሑፍ ልጁ ክፍል ለደገመበት ወላጅ ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና ለልጆቻችን!